ለጋራ ወርክሾፕ የሸክላ ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ የመብራት ቦርዱን አስከፍቱ

እኛ ለጋራ የሸክላ ሥራ ቤታችን የመጀመሪያውን ማቃጠያ ምድጃ ስንገዛ ሁላችንም የተጨነቅነው ስለ ስፋቱ ነበር። ስንት ዕቃ ይይዛል፣ ረጅሙ የአበባ ማስቀመጫ ቁመቱ ይገባል ወይ፣ ዲጂታል ነው ወይ፣ እንደዚ እንደዚ። ምድጃው መጣ፣ ስድስት ሰው ሆነን ተጋግዘን አስገባነው፣ ከዛ ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ጎንበስ ብሎ አነበበና "ይሄ እኮ ስሪ ፌዝ ነው፣ እናንተ ቤት ያለው ሲንግል ፌዝ ነው" አለን። ስሪ ፌዝ ማለት መብራቱ በሦስት መስመር የሚገባበት ነው፣ ሲንግል ፌዝ ደሞ በአንድ። በቃ። አራት ወር ሙሉ ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ቆመ፣ የደረቀው ሥራችን መደርደሪያ ላይ ተከምሮ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ እየተሰበረ። ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈውን ከመክፈላችን በፊት በስልክ ፎቶ አንስተን ለአንድ ባለሙያ ብንልክ ኖሮ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። ሌላ ቡድን እንደዚ እንዳይሆን ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው፣ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ ኪልን የሚባለው የሸክላ ማቃጠያ ምድጃ ነው። ጭቃ ስለደረቀ ብቻ ሸክላ አይሆንም፣ ውሃ ካገኘ ተመልሶ ጭቃ ነው። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መሀል ከአፈሩ ጋር በኬሚካል የተያያዘው ውሃ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ወደ ጭቃ መመለስ የለም። አብዛኛው ወርክሾፕ ሁለቴ ነው የሚያቃጥለው፣ መጀመሪያ 1000 ዲግሪ አካባቢ ቢስክ የሚባለው፣ ዕቃው ጠንክሮ ግን ገና ውሃ የሚመጥ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጥሎ ግሌዝ ማለትም ያ የሚያብረቀርቀው ቅብ ተቀብቶ ለሁለተኛ ጊዜ ይገባል፣ ሁለተኛው እንደ አፈሩ ዓይነት ከ1060 እስከ 1300 ዲግሪ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ 1060 የሚበቃው ቡድን እና 1280 የሚፈልግ ቡድን የሚገዙት ምድጃ አንድ አይነት መሆን የለበትም፣ ስለዚህ ማንኛውንም ሻጭ ከማናገራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ "እኛ የምንሰራው በየትኛው አፈር ነው፣ እስከ ስንት ዲግሪ ነው የምናቃጥለው" የሚለውን ተስማሙ። ደሞ ሰሌዳው ላይ 1300 የሚል ምድጃ ሁልጊዜ 1300 ይሰራል ማለት አይደለም፣ ያ ጣሪያው ነው፣ ሁሌ ጣሪያው ላይ ያለ ነገር ቶሎ ያልቃል። 1240 የምታቃጥሉ ከሆነ 1300 የሚል ግዙ።

እሺ ወደ መብራቱ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ሙቀት በሚችል የእሳት ጡብ ግድግዳ ውስጥ የተጠመጠመ ሬዚስታንስ ማለትም መብራት ሲያልፍበት የሚግል ሽቦ ነው፣ ሌላው ሁሉ ለዚያ አጋዥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ዋት ለቮልት ሲካፈል አምፔር ይመጣል። 200 ሊትር የሚሆን መካከለኛ ምድጃ 12 ኪሎዋት ነው እንበል። 12000 ለ230 ቮልት ስታካፍሉት 52 አምፔር ነው። ይሄ እንደ ውሃ ማሞቂያ አስር ደቂቃ ሰርቶ የሚያቆም አይደለም፣ ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት የሚጎትት ነው፣ ስለዚህ ገመዱም ብሬከሩም ትንሽ ትርፍ ይፈልጋሉ፣ የተለመደው 25 በመቶ መጨመር ነው፣ ያ ማለት ወደ 65 አምፔር ልትደርሱ ነው። ብዙ ቤት ለሁሉም ነገር ማለትም ለመብራቱም ለምኑም የሚገባለት ጠቅላላ ከዛ አይበልጥም። ያው 12 ኪሎዋት ምድጃ 400 ቮልት ስሪ ፌዝ ላይ ሲሆን ግን ጭነቱ ለሦስት መስመር ይከፋፈላል፣ በአንዱ መስመር 17 አምፔር አካባቢ ብቻ ነው፣ ትርፉን ጨምራችሁ 25 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል፣ ገመዱም ቀጠን ይላል። ለዚህ ነው ትልልቅ ምድጃዎች ስሪ ፌዝ የሚሆኑት። ስሪ ፌዝ ከሌላችሁ ሁለት ምርጫ አለ፣ ወይ መስመር ማስገባት፣ እሱ ማመልከቻ አለው፣ ወረፋ አለው፣ ወጪ አለው፣ ወይ ደሞ ለሲንግል ፌዝ የተሰራ አነስ ያለ ምድጃ መግዛት። ሦስተኛ ምርጫ የለም፣ "ብቻ አገናኙት ይሰራል" የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ሌላ ሰው ብዙ የማያየው ነገር ቮልቴጅ ነው። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፣ በካሬው ነው የሚወርደው። 230 ቮልት የሚጠብቅ ምድጃ 207 ቮልት ብቻ ቢደርሰው ቮልቴጁ የወረደው 10 በመቶ ነው፣ ኃይሉ ግን 19 በመቶ ወርዷል፣ 12 ኪሎዋት የነበረው 9.7 ሆነ ማለት ነው። ይሄ 900 ዲግሪ ድረስ ላይታወቅ ይችላል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው፣ 1180 ደርሶ እዛው ይንገታገታል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ስህተት ብሎ ይዘጋዋል፣ ሰው ምድጃው ተበላሸ ይላል። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ቮልቴጁን ጠዋትም ማታም እንዲለካላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ነገር በሚያበራበት ሰዓት ስንት ይሆናል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ከቦርዱ እስከ ምድጃው ያለው ርቀትም ያው ነው፣ ገመዱ በረዘመ ቁጥር መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፣ 30 ሜትር ርቃችሁ ልትተክሉት ካሰባችሁ ገመዱ መወፈር አለበት፣ ይሄም ወጪ ነውና ቦታ ስትመርጡ ቦርዱ የት እንዳለ አብራችሁ እዩ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደሞ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፣ ኢንሹራንስ ካለም ይነገረው፣ ይሄን በቃል ብቻ ጨርሳችሁ አትግቡበት።

ጋዝስ የሚል ሰው ይኖራል። የጋዝ ምድጃ ጥሩ ነው፣ አየሩን እየቀነሳችሁ ኤሌክትሪክ ላይ የማታገኙትን ቀለም ታገኛላችሁ፣ ቀይ የመዳብ ግሌዝ ምናምን። ግን ጭስ ማውጫ ይፈልጋል፣ እሳቱ ቢጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ይፈልጋል፣ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ከሁሉ በላይ ደሞ አጠገቡ ቆሞ እሳቱን የሚያስተካክል የለመደ ሰው ይፈልጋል። ሰው በሚቀያየርበት የጋራ ቤት ለመጀመሪያ ምድጃ እኔ ጋዝ አልመክርም። እንጨትም እንደዛው፣ እሱ ግቢ ላላቸው እና ሌሊቱን ሙሉ ለሚያድሩ ነው።

ስፋት ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ወደ ትልቁ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ስኒ ከእጀታው ጋር 12 በ10፣ ቁመቱ ከላዩ ክፍተት ጋር 12 ሳንቲ ሜትር ቦታ ቢይዝ 1.4 ሊትር አካባቢ ነው። 200 ሊትር ውስጥ በወረቀት ወደ 138 ይገባል፣ መደርደሪያውንና እግሮቹን፣ ከሬዚስታንሱ መራቅ ያለበትን ቦታ ስትቀንሱ 100 ብትሉ ይሻላል። ሃያ አባላት ያሉት ቡድን በሳምንት አምስት አምስት ዕቃ ቢሰራ 100 ነው፣ ሁለቴ ስለሚቃጠል በሳምንት ሁለት ሙሉ ቃጠሎ ማለት ነው። አንድ ቃጠሎ ደሞ ከመሙላት እስከ ማቀዝቀዝ ሁለት ቀን ይበላል ብላችሁ ያዙ፣ ማቃጠሉ አስር ሰዓት ቢሆን ማቀዝቀዙ ከዛ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ 200 ሊትር ምድጃ ለሃያ ሰው ይበቃል፣ ያውም ሳይጨናነቅ። 500 ሊትር የገዛ ሃያ ሰው ግን እስኪሞላ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፣ ወይ ግማሹ ባዶ ሆኖ ያቃጥላል፣ ባዶውን ቦታ ማሞቅም መብራት ነው። ትልቅ ካስፈለጋችሁ ለእኔ ከአንድ ግዙፍ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ አንዱ ቢስክ ሲያቃጥል አንዱ ግሌዝ፣ አንዱ ቢበላሽ ደሞ ሥራ አይቆምም።

ከላይ የሚከፈት እና ከፊት የሚከፈት አለ። ከላይ የሚከፈተው ቀለል ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ብዙዎቹ ቀለበት በቀለበት ተፈትተው በጠባብ በር ይገባሉ። ግን ለመሙላት ጎንበስ ብላችሁ ከባድ መደርደሪያ በሁለት እጅ ይዛችሁ እስከ ታች መውረድ ነው፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው፣ አጠር ላለ ሰው፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው አይሆንም። የጋራ ቤት ሁሉንም ሰው ማስተናገድ ስላለበት ከፊት የሚከፈተውን ብታስቡበት ደስ ይለኛል፣ ግን ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ አይፈታም፣ ስለዚህ የበሩን ስፋት፣ የኮሪደሩን መታጠፊያ፣ ደረጃ ካለ ደረጃውን፣ ወለሉ ይሸከማል ወይ የሚለውን ሜትር ይዛችሁ ለኩ። መጠኑን በካርቶን ቆርጣችሁ ከውጭ እስከሚቀመጥበት ድረስ ይዛችሁት ብትሄዱ የት ላይ እንደሚጣበቅ ወዲያው ታዩታላችሁ።

አሁን ስለ ሬዚስታንሱ፣ ምክንያቱም ከገዛችሁ በኋላ የማያቋርጠው ወጪ እሱ ነው። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ካንታል የሚባለው የብረት፣ የክሮሚየም እና የአልሙኒየም ቅልቅል ነው። መጀመሪያ ሲሞቅ ላዩ ላይ ስስ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ያበቅላል፣ ያ ሽፋን ነው የሚጠብቀው። አንዴ ከሞቀ በኋላ ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰባሪ ነው፣ ሰው መደርደሪያ ሲያስገባ ጠርዙን ቢያስነካው ቀጭ ብሎ ይሄዳል። እያረጀ ሲሄድ ኦሙ ማለትም መብራቱን የሚከለክልበት መጠን ይጨምራል፣ ኦሙ ሲጨምር ኃይሉ ይቀንሳል፣ ቃጠሎው እየረዘመ ይመጣል። ይሄን በመልቲሜትር መከታተል ይቻላል፣ ምድጃው ከመስመር ተቋርጦ። ለምሳሌ 12 ኪሎዋቱ በሦስት እኩል ቢከፈል አንዱ 4 ኪሎዋት ነው፣ 230 በ230 አባዝታችሁ ለ4000 ስታካፍሉ 13.2 ኦም ይመጣል፣ አዲስ ሲሆን የሚያነበው እሱን ነው። 14.5 ሲደርስ 10 በመቶ አረጀ ማለት ነው፣ መቀየሪያው ሰዓት መጥቷል። ስትቀይሩ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ አንድ አዲስ ከአሮጌዎች ጋር ሲገባ አንዱ ጎን ይግላል አንዱ ይቀዘቅዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፣ "የዚህ ሬዚስታንስ መለዋወጫ እዚሁ አለ ወይስ ታዞ ነው የሚመጣው፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" መልሱ ግልጽ ካልሆነ ምድጃው የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ። ገና ሲገዛም አንድ ሙሉ የሬዚስታንስ ስብስብ ትርፍ ይግባላችሁ።

ሙቀቱን የሚያነበው ቴርሞኮፕል ነው፣ ግድግዳውን በስቶ የገባ ቀጭን ዘንግ። ኬ የሚባለው ዓይነት ርካሽ ነው ግን ከፍተኛ ሙቀት ላይ ሲመላለስ ንባቡ እየሸሸ ይሄዳል፣ 1240 እያለ ውስጡ 1260 ሊሆን ይችላል። ኤስ የሚባለው ከፕላቲኒየም እና ከሮዲየም የተሰራ ነው፣ ይወደዳል፣ ግን ከ1200 በላይ ለምታቃጥሉ ዋጋውን ይመልሳል። ከሱ ጋር የሚሰራው ኮንትሮለር ደሞ ኮንታክተሮቹን ማለትም ወደ ሬዚስታንሱ የሚሄደውን መብራት የሚያገናኙና የሚቆርጡትን ማብሪያዎች ያበራል ያጠፋል፣ ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ስትቀመጡ ያን "ቀጭ… ቀጭ…" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ከጊዜ በኋላ ጆሯችሁ ይለምደውና ድምፁ ሲቀየር ቀድማችሁ ነው የምታውቁት። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ኮንታክተር ሲያረጅ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ እንደበራ። ኮንትሮለሩ "አጥፋ" ይላል፣ አይጠፋም፣ ሙቀቱ ይወጣል ይወጣል። ስለዚህ ከዋናው ተለይቶ የራሱ መለኪያ ያለው፣ ገደቡ ሲታለፍ ጠቅላላውን የሚቆርጥ ሁለተኛ መከላከያ ያለው ምድጃ ግዙ። ለአንድ ሰው ስቱዲዮ "ቢኖር ጥሩ ነው" ሊባል ይችል ይሆናል፣ ለጋራ ቤት ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም "እሱ ያየዋል" "እሷ ታየዋለች" ሲባባል ማንም የማያይበት ሌሊት ይመጣል።

ዲጂታሉ ቁጥር ብቻውን አይታመንም፣ ኮን ተጠቀሙ። ኮን ማለት ከግሌዝ ጋር ከሚመሳሰል ቅልቅል የተሰራች ትንሽ ሹል ነገር ናት፣ የተወሰነ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ሲደርስባት ትጎነበሳለች። ጀርመናዊው ኸርማን ዜገር በ1886 ነው ያወጣት፣ አሜሪካ ውስጥ ደሞ ኤድዋርድ ኦርተን በ1896 የራሱን ተከታታይ ጀመረ፣ የኦርተን ቁጥሮች ናቸው ዛሬ ብዙ ቦታ የሚጠሩት። ኮን 04 ወደ 1060 ዲግሪ፣ ኮን 6 ከ1220 እስከ 1240፣ ኮን 10 ከ1285 እስከ 1305 አካባቢ። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሌላቸው ለምን መሰላችሁ፣ ፍጥነቱ ስለሚወስን ነው፣ ቀስ ብሎ የሄደ ሙቀት ዝቅ ባለ ዲግሪም ያንኑ ሥራ ይሰራል። በማያ ቀዳዳዋ ስታዩ፣ ለዛ የተሰራ ጥቁር መነጽር አድርጋችሁ እንጂ በባዶ ዓይን አይሆንም፣ መጀመሪያ ሁሉም ነገር አንድ ብርቱካናማ ነው፣ ኮኗ አትለይም፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስታተኩሩ ጠርዟ እንደ ቀጭን መስመር ይወጣል፣ ጫፏ ቀና ብሎ የነበረው ቀስ ብሎ ወደ ፊት እያዘነበለ ታዩታላችሁ። እኔ ይሄን ማየት እስከዛሬ አልሰለቸኝም።

ቦታ እና አየር። ምድጃውን ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከታቹ አየር እንዲያልፍ የራሱ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡት። ከግድግዳ የሚርቀውን አምራቹ የሚለውን ተከተሉ፣ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይላሉ፣ ግድግዳው ወይም ጣሪያው እንጨት ከሆነ ከዛም አብዝታችሁ ራቁ፣ ላዩ ላይ ደሞ ምንም መደርደሪያ አይኑር። ክፍሉ ራሱ ከ40 ዲግሪ ብዙ እንዳይበልጥ፣ ኮንትሮለሩ ያን አይወድም። ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ቢለይ በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሸክላ ሲቃጠል ጭስ ባይታይም ይተነፍሳል። አፈሩ ውስጥ ያለ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥር ምናምን ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ድኝም ይወጣል፣ እሱ ነው ጉሮሮ የሚይዘው ሽታ፣ ከግሌዝ ደሞ የብረታ ብረት ጭስ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስለዚህ አላርም ይግባ። አየር ማውጫው ሁለት ዓይነት ነው፣ ከላይ ኮፍያ አድርጎ የሚስበው አለ፣ ከምድጃው ወለል በጥቃቅን ቀዳዳ ትንሽ ትንሽ አየር ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ደሞ አለ። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ጭሱን ክፍል ውስጥ ሳይገባ ከምንጩ ነው የሚይዘው፣ ሽቦዎቹንም ይጠቅማል። ቱቦው ግን ውጭ ድረስ መውጣት አለበት፣ ጎረቤት መስኮት ስር አይደለም። መስኮት ከፍቻለሁ ብሎ መተው አየር ማውጫ አይባልም።

ሲገጠም፣ ትልቅ ምድጃ በሶኬት ባይሰካ ይሻላል፣ ሶኬት ላይ ነው ላላ ብሎ የሚቀልጠው፣ በቀጥታ ይያያዝ፣ አጠገቡ ደሞ ሁሉንም መስመር የሚቆርጥ ማጥፊያ ይኑር፣ ከምድጃው ጀርባ ሳይሆን ሰው በሩ ላይ ቆሞ የሚደርስበት ቦታ። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ስለሆነ። ውሃ አይደፋም፣ የፓውደር ወይም የሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ) እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ይቀመጥ። ግራውንዱ ማለትም ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው መስመር በትክክል መኖሩ ይለካ፣ አለ ተብሎ አይታለፍ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃጠሎዎች በኋላ ደሞ ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ ብሎኖቹን ያጥብቅ፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይላላሉ፣ የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ብሎን ገመዱን ያቃጥላል።

ያገለገለ ምድጃ መግዛት ነውር የለውም፣ እንደውም የአቅም ጉዳይ ከሆነ ጥሩ መንገድ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳዋን አንብቡ፣ ቮልት፣ ፌዝ፣ አምፔር፣ ከፍተኛ ሙቀት። ሰሌዳ የሌለው ከሆነ ተዉት። ጡቡ ላይ ስስ ስንጥቅ መኖሩ ችግር የለውም፣ ጡብ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ግን ሬዚስታንሱን የያዘው ቦይ ተሰብሮ ሽቦው ከወጣ ወይም ግሌዝ ፈሶ ጡቡን ከበላው ያ ወጪ ነው። ሽቦውን በኦም ለኩት፣ ከላይ ባልኩት ሒሳብ። ውስጡ ነጭ እንደ ጥጥ ያለ የሴራሚክ ፋይበር ካለና የሚበጣጠስ ከሆነ በእጅ አትነካኩት፣ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። ጠቅላላ የምድጃ አቧራ በመጥረጊያ አይጠረግም፣ ጥሩ ማጣሪያ ባለው ቫክዩም ነው፣ ኤን 95 ማስክ አድርጋችሁ።

የጋራ መሆኑ የሚያመጣው ነገር ግን ከማሽኑ ይበልጥ ያስቸግራል። እኛ ቤት አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ለ1240 ዲግሪ በተሞላ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰው ከሌላ ቦታ ያመጣውን ቀይ አፈር የተሰራ ሰሃን አስገባ፣ አፈሩ ግን 1060 አካባቢ የሚቃጠል ነበር። ጠዋት ስንከፍት ሰሃን የሚባል የለም፣ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ከመደርደሪያው ላይ ወደ ታች ተንጠባጥቧል፣ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ሽቦ፣ የስምንት ሰው ሥራ። አንዷ ልጅ ወር የሠራችባትን ማሰሮ ከመደርደሪያው ጋር የተጣበቀች ይዛ ዝም ብላ ቆማ ነበር፣ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ያን ያደረገውም ሰው ክፉ አይደለም፣ አልነገርነውም። ከዛ በኋላ ያደረግነው ይሄ ነው፣ ቤቱ ውስጥ የሚገባው አፈር አንድ ዓይነት ብቻ ሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ አንዲት ቁራጭ በትንሽ ሳህን ላይ ሆና ትሞከራለች። አዲስ ግሌዝ ያመጣ ሰው ዕቃውን ከስሩ የጭቃ ንጣፍ አድርጎ ነው የሚያስገባው፣ ቢፈስም ንጣፉ ላይ ይቀራል። መደርደሪያዎቹ ላይ ደሞ አልሙና እና ካኦሊን የሚባሉ ነጭ ዱቄቶች በውሃ ተበጥብጠው ይቀባሉ፣ የላዩ ገጽ ብቻ፣ ታቹን ከቀባችሁ እየተላጠ ከስሩ ያለው ዕቃ ላይ ይወድቃል።

እርጥብ ዕቃም እንደዛው ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ዕቃውን ይበትነዋል፣ ስብርባሪው የጎረቤቱን ሥራ ይመታል፣ ሽቦ ቦይ ውስጥ ይገባል። ደርቋል አልደረቀም ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፣ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው። ለጥንቃቄ ቢስክ ላይ 80 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፣ የሚፈጀው መብራት ትንሽ ነው።

ምድጃውን የሚያበሩት የሠለጠኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ ቁልፍ ይኑረው፣ ሲበራ ስማቸውና ስልካቸው በሩ ላይ ይለጠፍ። መዝገብ ይኑር፣ ወረቀት ይሁን፣ ቀን፣ ምን ተሞላ፣ በስንት ሰዓት ተበራ፣ በስንት ደረሰ፣ ኮኗ ምን ያህል ጎነበሰች፣ ቆጣሪው ከመጀመሩ በፊት ስንት ነበር ሲያልቅ ስንት። ይሄ የመጨረሻው ቁጥር ክርክር ያቆማል፣ ምክንያቱም ስለ ክፍያ ሁሉም የየራሱ ግምት አለው። 12 ኪሎዋት አስር ሰዓት ማለት 120 ኪሎዋት ሰዓት አይደለም፣ ሬዚስታንሱ አንዳንዴ እየበራ አንዳንዴ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ ሁለት ሦስተኛውን ቢሰራ 80 ነው፣ ግን ቆጣሪው ነው የሚያውቀው። ክፍያውን በዕቃ ቁጥር ሳይሆን በያዘው ቦታ አስሉ፣ ርዝመት በወርድ በቁመት፣ ላዩ ላይ ደሞ ለሽቦና ለመደርደሪያ መቀየሪያ የምትቀመጥ ጨምሩ፣ እሷን ያላስቀመጠ ቡድን ሽቦ ሲያልቅበት ከአባላት መለመን ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ቃጠሎ ያለ ዕቃ ነው። የተቀቡትን መደርደሪያዎች አስገቡ፣ እያንዳንዱ በሦስት እግር ላይ፣ የላይኛው እግሮች በትክክል በታችኞቹ ላይ፣ ከሦስት በላይ ካደረጋችሁ ይነቀነቃል። ኮን ከላይ ከመሀል ከታች አንድ አንድ አስቀምጡ። ቀስ ብላችሁ አሙቁት፣ አዲስ ጡብ እርጥበት ይዟል፣ የማያ ቀዳዳው ላይ መስታወት ብታስጠጉ ጉም ይይዛል፣ መስታወቱ እስኪደርቅ ድረስ ከ100 ብዙ አትለፉ። እርጥበቱ አንዳንዴ የግራውንድ መከላከያውን ብሬከር ሊያስጥለው ይችላል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሳያየው ግን እሱን ዘላችሁ እንዳታገናኙ። ከዛ እስከ 1000 አካባቢ ውጡ፣ ሽቦው ያን መከላከያ ሽፋኑን የሚያበቅለው እዚህ ላይ ነው። ሲያልቅ አጥፍታችሁ ሂዱ፣ ክዳኑን አትንኩት፣ 573 ዲግሪ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ መጠኑን ስለሚቀይር በሚቀጥሉት ቃጠሎዎች እዛ አካባቢ ቀዝቃዛ አየር የገባበት ዕቃ ይሰነጠቃል፣ ልማዱን ከአሁኑ ያዙት። ከ100 በታች ሲሆን ክፈቱ፣ ሦስቱን ኮኖች አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ የላይኛዋ ጎንበስ ብላ የታችኛዋ ቀና ካለች ታቹ ይቀዘቅዛል ማለት ነው፣ መዝገቡ ላይ ጻፉት፣ በሚቀጥለው ታች የምታስገቡትን ዕቃ ቁጥሩን ቀንሱ፣ መጨረሻው ሙቀት ላይ ደሞ አስር ደቂቃ ጨምሩና እንደገና ኮኖቹን እዩ።